በደጅ የሚከበር ልደት

ግንቦት 1 ቀን በአዲስ አበባ፣ በልደታ ሰፈር፣ ንፍሮው በደጅ ይቀቀላል፤ ቡናውም በደጅ ይፈላል። ይህም ሐናና ኢያቄም ከሰው ክፋት ሸሽተው እመቤታችንን በሊባኖስ ተራራ እንደ ወለዷት ትውፊት ስለሚናገር ነው።

ዳሩ ግን በዚሁ ቀን «አላምንም» ያለውን ልጃቸውን፣ እናት በዕንባ፣ አባት በርግማን፣ «ወይ ስገድ፤ ወይ ከቤቴ ውጣ» የሚሉት ወላጆች አሉ። ይህ ለሃይማኖት መቅናት ይመስላል፤ ነገሩ ግን ጎረቤትን መፍራት ነው። ሳያምን የሚሰግድ ሰው ጉልበቱ ይንበረከካል እንጂ ልቡ አይንበረከክምና፣ ወላጆቹ የሚያተርፉት ምእመን ሳይሆን ግብዝ ነው።

ቤተ ክርስቲያን ንኡሰ ክርስቲያን የሆነውን ከምሥጢሩ በፊት ከቅዳሴው እንዲወጣ ታዝዛለች፤ ከንፍሮው ግን ማንንም አላስወጣችም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 27 ማንም በእምነቱ እንዳይገደድ ደንግጓል፤ ታዲያ ሕግ ለባዕድ የሰጠውን አባት ለልጁ ሊነፍገው ይገባልን?

ልጁም ቢሆን፣ ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ምእመናንን «ኋላ ቀር» እያሉ እንዳፌዙት ሰዎች፣ በእናቱ ንፍሮ ቢሳለቅ ነውሩ የራሱ ነው። ቀርቦ ይብላ፤ ሽማግሌም ሲመርቅ ዝም ብሎ ያክብር።

ስደተኞቹን ለማሰብ ወደ ደጅ የወጣ ቤተ ሰብ፣ የገዛ ልጁን ካሰደደ፣ ንፍሮውን በላ እንጂ በዓሉን አላከበረም።