ግብሩን የከፈለው ማን ነው?

አማርኛችን ሁለት ነገሮችን በአንድ ቃል ይጠራል። ግብር ለመንግሥት የሚከፈለው ነው፤ ግብር ንጉሥ ወይም መኳንንት የሚያበሉት ታላቅ ድግስም ነው። ቃሉ እንዲህ የተጣመረው በአጋጣሚ አይመስለኝም። በዳግማዊ አጼ ምኒልክ አዳራሽ በሺዎች የሚቆጠር ሰው በየማዕረጉ ተራ እየገባ ጥሬ ሥጋ ሲቆርጥና ጠጅ ሲጠጣ፣ ከበሬው፣ ከማሩና ከእህሉ ብዙው ከገባሩ ደጅ የመጣ ነበር። በላተኛውም ይህን አይስተውም፤ የበላው የማን ላብ እንደሆነ የድግሱ ስም ራሱ ይነግረዋልና።

ይህን ያስታወሰኝ ኮፐንሃገን ውስጥ የታደምሁበት ራት ነው። ቴስቲንግ ሜኑ ይሉታል። እንግዳው የሚበላውን አይመርጥም፤ ሼፉ ያሰናዳውን አሥራ አምስት ወይም ሃያ ዓይነት ምግብ፣ እያንዳንዱን በአንድ በሁለት ጉርሻ ልክ፣ በተራ እየተቀበለ ሦስትና አራት ሰዓት ይቀመጣል። ግብዝ መሆን አልሻም፤ ጣፈጠኝ። የአገሬ ድሃ ትዝ ብሎኝ ጉሮሮዬ ተዘጋ ብል ውሸት ይሆናል። (ድሃ ትዝ የሚለን ሒሳቡ ሲመጣ ነው፤ ያውም ለአፍታ።) ደግሞስ አንዲት ዶሮን 12 ብልት አውጥቶ ለእንግዳ በወግ የሚደለድል ሕዝብ የእንዲህ ያለውን ጥንቃቄ ዋጋ እንዴት ይስተዋል? አስተናጋጁ የካሮቱን እርሻና የዓሣውን ባሕር በስም እየጠራ ነገረን። ሰሃኑን ማን እንደሚያጥበው ስጠይቀው ግን ፈገግ ብሎ ወይን ቀዳልኝ።

የዚህ ዓይነቱ ማዕድ አውራ በዚያችው ከተማ የሚገኘው ኖማ ነው። በ2003 ተከፈተ (ዓመታቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)፤ በ2010 የዓለም ምርጥ ምግብ ቤት ተባለ፤ ከዚያ በኋላም ክብሩን አራት ጊዜ ደገመው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከየአገሩ የሚመጡ ወጣት ተለማማጆች ያለ ደመወዝ ቅጠል ሲለቅሙና ሲያስተካክሉ ኖረዋል። ቤቱ ደመወዝ መክፈል የጀመረው በ2022 መጨረሻ ገደማ ሲሆን፣ ወጪው በወር ቢያንስ 50,000 ዶላር እንደጨመረ ተዘግቧል። ወራት ሳይቆይ ሼፉ ረኔ ሬድዜፒ አሠራሩ በገንዘብም በሰውም ዘላቂ እንዳልሆነ ገልጾ መደበኛውን አገልግሎት ለማቆም ማቀዱን አስታወቀ። ምክንያቱ ደመወዙ ብቻ ነው አልልም። ነገር ግን አንድ ሰው በትንሹ 500 ዶላር የሚከፍልበት ማዕድ የሠራተኛውን ደመወዝ ሲያስቡበት የሚንገዳገድ ከሆነ፣ እስከዚያ ድረስ ግብሩን ሲያበሉ የኖሩት እነማን ነበሩ?

አሊ ሶንኮ ጋምቢያዊ ነው፤ ኖማ ሲከፈት ጀምሮ ሰሃን ሲያጥብ የኖረ። በ2010 ባልደረቦቹ ሽልማቱን ሊቀበሉ ለንደን ሲሄዱ እርሱ በቪዛ ምክንያት ቀረ፤ እነርሱም ፊቱ የታተመበትን ካናቴራ ለብሰው መድረክ ላይ ወጡ። በ2012 አብሯቸው ሄዶ ንግግር አደረገ። በ2017 ሬድዜፒ ከባለድርሻዎቹ አንዱ አደረገው፤ የገዛ አባቱም አሊ እንደሚባልና ዴንማርክ ሲገባ ሰሃን ያጥብ እንደነበር አስታወሰ። የሚያስደስት ታሪክ ነው፤ ጋዜጦችም ወደዱት። እኔን የሚከነክነኝ ካናቴራው ነው። የሰውዬው ምስል ያለ ቪዛ ድንበር ተሻገረ፤ ሰውዬው ግን ቀረ።

ነገሩ የአንድ ሰው ዕድል ብቻ እንዳይመስለን። የአውሮፓ ኅብረት በ2021 በጋምቢያውያን ላይ፣ በሚያዝያ 2024 ደግሞ በእኛ በኢትዮጵያውያን ላይ የቪዛ አሰጣጡን አጠበቀ። ምክንያቱ መንግሥታቱ ተባራሪ ዜጎቻቸውን ለመቀበል በበቂ አልተባበሩም የሚል ነበር። ለእኛ የተለመደው የ15 ቀን የውሳኔ ጊዜ ወደ 45 ቀን ተራዘመ፤ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሰኔ የማመልከቻው ዋጋ 90 ዩሮ ሆነ፤ ማመልከቻው ውድቅ ቢሆንም ገንዘቡ አይመለስም። በአውሮፓ ወጥ ቤቶች ሰሃን የሚያጥበው ወገናችን እናቱን ለአንድ ወር ሊያስጠይቅ ሲሻ፣ የመጀመሪያው ወጪ እርሱ ነው።