ሃያ መቶ ወይስ ሁለት ሺ?

ከቃሊቲ መናኸሪያ ወደ አቃቂ በሚወስደው መንገድ ዳር እብነ በረድ የሚጠርቡ ልጆች አሉ። አጎቴ ባረፈ በዓመቱ ለመቃብሩ የሚሆን ጽሑፍ ላስቀርጽ አንዱ ዘንድ ሄድኩ። አጎቴ ዕድሜ ልኩን አቃቂ ጨርቃ ጨርቅ የሠራ ሰው ነው። ልጅነቱን ያሳለፈው ቄስ ትምህርት ቤት ስለነበር፣ ዓመተ ምሕረቱ በግዕዝ ቁጥር ይቀረጽለት ብለን በቤተሰብ ተስማምተናል። ጠራቢው እርሳሱን ከጆሮው ላይ አንሥቶ የልደቱን ዓመት ሳያመነታ ነደፈ፤ ፲፱፻፴፰። የዕረፍቱ ዓመት ላይ ሲደርስ ግን እጁ ቆመ።

«ጋሼ፣ ሃያ መቶ ብዬ ልጻፍ ወይስ ሁለት ሺ?»

ያልገባኝ መስሎት ዱቄት የለበሰው ጠረጴዛ ላይ ሁለቱንም በጣቱ ጻፈልኝ። አንደኛው ፳፻፲፭ ነው፣ ሌላው ፪ሺ፲፭። «ሁለቱንም የሚያሠሩ አሉ፤ ደንበኛ እንዳዘዘ ነው» አለ።

ስለ ግዕዝ ቁጥር ክርክር በተነሣ ቁጥር መጀመሪያ የሚሰማው «ዜሮ የለውም» የሚለው ነው። ዜሮ ስለሌለው አይደመርበትም፣ አይባዛበትም፣ ስለዚህ ጊዜው አልፏል ይባላል። ተቆርቋሪው ወገን ደግሞ ዜሮ እንፍጠርለት ይላል። እኔ ሁለቱም ወገኖች በሽታውን የሳቱ ይመስለኛል። በሽታው ያለው የጠራቢው ጥያቄ ላይ ነው።

የግዕዝ ቁጥር ከመጀመሪያውም ሒሳብ መሥሪያ አልነበረም፤ አፍ የሚለውን እጅ የሚጽፍበት መንገድ ነው። ደርግ በ1969 ዓ.ም. ያሳተማቸውን፣ የአንበሳ ራስ ያለባቸውን ሳንቲሞች የምታስታውሱ ዓመቱ ፲፱፻፷፱ ተብሎ መጻፉንም ታስታውሱ ይሆናል። ምልክቶቹን አንድ በአንድ ጥሯቸው፦ አሥር፣ ዘጠኝ፣ መቶ፣ ስልሳ፣ ዘጠኝ። ሰው ዓመቱን ሲጠራም የሚለው ይህንኑ ነው፦ «አሥራ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ዘጠኝ»። አንድም ድምፅ አይጎድል፣ አንድም ምልክት አይተርፍ። አቃቂ ገበያ ላይ አንዲት ሴት «መቶ ሃምሳ» ስትል «አንድ መቶ» አትልም፤ ፻፶ም ከፊቱ ፩ የለውም። 150 ግን የመጀመሪያዋን 1 ግድ ይላል፣ መጨረሻ ላይም ማንም የማይጠራት 0 አለችበት።

ከዚህ አንጻር ዜሮ የጠፋው በድንቁርና አይደለም። በንግግር ውስጥ ባዶ ቦታ ስለማይጠራ አይጻፍም፤ ሌላ ምክንያት የለውም። ባዶነቱ ራሱ መጠራት ሲኖርበት ደግሞ ቃል አለው። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ተቀንሶ፣ ተካፍሎ ምንም ሳይተርፍ ሲቀር «አልቦ» ይላሉ። ስሌታቸውም ቀላል አይደለም። የ2017 ዓ.ም. መስከረም 1 በምን ቀን እንደሚውል ለማወቅ 5500 እና 2017 ተደምረው 7517 ይሆናሉ። ለአራት ሲካፈሉ 1879 ይደርሳል፣ አንድ ይተርፋል፤ ዘመኑ ማቴዎስ ነው። 7517 እና 1879 ተደምረው ለሰባት ሲካፈሉ ሁለት ይተርፋል፤ አንድ ማክሰኞ ነውና ሁለቱ ረቡዕ ይሆናል። ይህን ሁሉ በቃል የሚያሰላ መሪጌታ ምልክቶቹን የሚፈልጋቸው ውጤቱን ለመመዝገብ ብቻ ነው። ሒሳቡ የሚሠራው በቃላት ነው።

እዚህ ላይ የታሚሎች ነገር ይታወሰኛል። በደቡብ ሕንድና በስሪላንካ የሚነገረው ታሚል የራሱ የቁጥር ምልክቶች አሉት፤ በቀድሞ አጻጻፉ እሱም ዜሮ አልነበረውም። በምትኩ ለአሥር፣ ለመቶና ለሺ የየራሳቸው ምልክት ነበራቸው። ሁለት መቶ ሲጻፍ የሁለት ምልክት ይቀድማል፣ የመቶ ምልክት ይከተላል፤ የእኛን ፪፻ ማለት ነው። ግን እነሱም ዘንድ አፍና እጅ አልፎ አልፎ ይጣላሉ። ዘጠናን ሲጠሩ «ቶንኑሩ» ይላሉ፤ ውስጡ «ኑሩ»፣ መቶ ማለት፣ ተደብቋል። ሲጽፉት ግን ዘጠኝና አሥርን ነው የሚያስቀምጡት። ዛሬ ታሚሎችም የዕለት ሒሳባቸውን እንደኛው በዓለም አቀፉ ቁጥር ይሠራሉ። በእነሱና በእኛ መካከል አንድ ልዩነት አለ፤ እነሱ ለሺ ምልክት አላቸው፣ እኛ የለንም።

የለንም ያልኩት ግን ለአማርኛ ነው። ሃያዎቹ ምልክቶች የተሠሩት ለግዕዝ አፍ ነው፤ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በንጉሥ ኢዛና የአክሱም ድንጋዮች ላይ ምርኮኛና ከብት ተቆጥሮባቸዋል። መነሻቸው የግሪክ ፊደል ነው፦ ፩ ከአልፋ፣ ፪ ከቤታ፣ ፻ ከሮ፣ ከላይና ከታች መስመር ተጨምሮ። («የኛ ቁጥር ይህ ነው፣ ያኛው የፈረንጅ ነው» ለሚሉ ወዳጆቼ ማስታወሻ፦ ፈረንጅኛ የምትሉት መነሻው ሕንድ ነው፤ አገርኛውም ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው። ከ1600 ዓመት በላይ አብሮን የኖረን እንግዳ ግን እንግዳ ማለት ነውር ነው።) ግዕዝ ሺን የሚጠራበት የራሱ ስም አያስፈልገውም፤ «ዐሠርቱ ምእት» ይላል፣ አሥር መቶ፤ ሲጻፍ ፲፻። አሥር ሺ ሲሆን ስም ይሰጠዋል፦ እልፍ። ለእርሱም ሁለት መቶዎችን አጣብቆ ፼ን ሠራ።

አማርኛ «ሺ»ን ይዞ ሲመጣ ይህ ቤት ከጣሪያው ማፍሰስ ጀመረ። እልፍ ከቁጥርነት ወጥቶ «ስፍር ቁጥር የሌለው» ማለት ሆነ፤ እልፍ ጊዜ ነገርኩህ ሲባል አሥር ሺ ጊዜ የሚቆጥር የለም። ቃሉ ከቁጥርነት ሲወጣ ምልክቱ አብሮት ወጣ። ፼ን ዛሬ የምታገኙት የፊደል ገበታው ግርጌ ነው፤ ከዚያ ውጪ ያየው እጁን ያውጣ።

ስንጥቁ ያልታየው በዓመተ ምሕረት አጠራራችን ምክንያት ነው። ለዓመት ብቻ፣ እንደ ግዕዙ፣ በመቶ እንቆጥር ነበር። «አንድ ሺ ዘጠኝ መቶ» ሳይሆን «አሥራ ዘጠኝ መቶ» እንል ስለነበር ምልክቱና አፉ ሳይለያዩ ቆዩ። ከዚያ ሚሊኒየሙ መጣ። መስከረም 1 ቀን 2000 ላይ «ሃያ መቶ» ያለ ሰው አልሰማሁም፤ ሁሉም «ሁለት ሺ» አለ። ምልክቱ ግን ፳፻ እንዳለ ቀረ። ከአክሱም ጀምሮ አፍን ተከትሎ የመጣ ጽሕፈት በአንድ ሌሊት ከአፍ ተነጠለ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ከዚያ ወዲህ የተወለደ ልጅ ፳፻፲፭ን ሲያይ የሚያነበው እንቆቅልሽ ነው፤ ምልክቶቹ አንድ ይላሉ፣ አፉ ሌላ።

መፍትሔውን ያገኙት ደግሞ የቋንቋ ሊቃውንት አይደሉም። በነጋሪት ጋዜጣ የአማርኛ ዓምድ የአዋጅ ቁጥርና ቀን በግዕዝ ቁጥር ይታተም ነበር፤ የሕገ መንግሥቱ አዋጅ ቁጥር ፩/፲፱፻፹፯ ነው። 2000 ካለፈ በኋላ ግን እዚያው ጋዜጣ ላይ ፪ሺ፩፣ ፪ሺ፪ እየተባለ መጻፍ ተጀመረ። ፊደሏ ሺ በቁጥሮቹ መካከል ገብታ፣ ታሚሎች በምልክት የሚሠሩትን ሥራ ሠራች። ብዙ ሰው ይህን አጻጻፍ እንደ ዲቃላ ያየዋል። በቤተ ክርስቲያን ጽሑፎች ፳፻ መጻፉ ልክ ነው፤ እዚያ በግዕዝ «ዕሥራ ምእት» ተብሎ ይነበባልና አፍና እጅ አልተጣሉም። አማርኛ በሚነበብበት ቦታ ሁሉ ግን ለጥንቱ ሕግ የታመነው ፪ሺ ነው። ፳፻ አማርኛ ጽሑፍ ውስጥ ሲገባ ጌጥ ይሆናል።

ይህን ስል የግዕዝ ቁጥር ወደ ቃሊቲ የብረት መደብሮች ይመለስ ማለቴ አይደለም። ባለ አሥራ ሁለት ፌሮ በኩንታል ሲሸጥ ካልኩሌተሩ ሥራውን ይሥራ። ስልክ ቁጥርም እንደዚያው ነው፤ «ዜሮ ዘጠኝ አሥራ አንድ» ብለን የምንጀምረው ነገር የማንም ብዛት ስላልሆነ ዜሮውን ይፈልጋል። ዩኒኮድ በ1999 እ.ኤ.አ. ፊደላችንን ሲመዘግብ ሃያዎቹ ምልክቶችም ሳይነኩ ገብተዋል፤ ዜሮ ጨምሩላቸው የሚል ሰው የሚያገኘው የእነ 1፣ 2፣ 3ን ሥራ የሚደግሙ ሌሎች አሥር ምልክቶችን ብቻ ነው።

ለጠራቢው ሁለት ሺ በል አልኩት። ሒሳቡ በፊደል ነውና ልዩነት ያመጣ እንደሆነ ጠየቅሁት። በመሮው ጫፍ እየነካካ ቆጠረልኝ፤ ፪፣ ሺ፣ ፲፣ ፭። ከዚያ ያኛውን፦ ፳፣ ፻፣ ፲፣ ፭። «እኩል ነው ጋሼ» አለና መዶሻውን አነሣ።