ፖሊሲ አውጪውን ማን ያስተምረው?

ገበሬውን ስለ ማስተማር በሀገራችን ብዙ ተብሏል፤ ብዙም ተሠርቷል። በየቀበሌው የልማት ሠራተኛ ተመድቦ ስለ መስመር መዝራት፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ ምርጥ ዘር ይነግረዋል። መልካም ነው። ነገር ግን በገበሬው ኑሮ ላይ የሚወስነውን ባለሥልጣንና ባለሙያ ማን ያስተምረዋል? እኛ ተማሪዎች ይህን የምንጠይቀው ለመተቸት ስንል ብቻ አይደለም፤ ከመካከላችን ብዙዎቹ ነገ በዚያው ወንበር ላይ የሚቀመጡ ስለሆኑ ነው እንጂ።

አስቀድመን ያለፈውን እንመልከት። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን እርዳታ ሥራውን የጀመረው፣ «ካዱ» እየተባለ የሚጠራው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ዓላማው በአርሲ ትንሹን ገበሬና ጭሰኛውን መርዳት ነበር። ዘሩና ማዳበሪያው ሠራ፤ ስንዴውም በረከተ። ይሁን እንጂ እርሻ እንደሚያተርፍ ያየ ባለመሬት ትራክተር አስገብቶ ጭሰኛውን ነቀለው። ስለ ዘሩ የሚያውቁት ባለሙያዎች በመሬቱ ላይ ሥልጣን አልነበራቸውም፤ ሥልጣን ያላቸው ደግሞ የጭሰኛውን ጥያቄ ለመስማት አልፈለጉም።

«የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው ዐዋጅ ጭሰኝነት ቀርቷልና ያ ያለፈ ታሪክ ነው» የሚለን ይኖር ይሆናል። እንግዲያው ወደ ቅርቡ እንምጣ። በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. በሀገራችን የበቆሎ ምርት እጅግ በዛ። ገበሬው የተባለውን ሁሉ ፈጽሞ ነበር፤ ማዳበሪያውን በብድር ወሰደ፣ ምርጥ ዘሩን ዘራ፣ አመረተም። ዋጋው ግን ወደቀ። ብድሩ የሚሰበሰበው አዝመራ በገባ ማግሥት፣ እህል ገበያውን በሞላበት ሰዓት ነውና፣ ዕዳውን ለመክፈል ከብቱን የሸጠ ብዙ ነው። ቀጥሎ ዝናብ ጠፋ፤ በ1995 ዓ.ም. 13 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ የእርዳታ እህል ጠባቂ ሆነ። ሣሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ፣ ፖሊሲው ምርቱን አይቶ ገበያውን አላየም።

ለፖሊሲ አውጪዎች ሥልጠና አይሰጥም አንልም። በከተማ አዳራሽ ሦስት ቀን ተቀምጦ፣ ጽሑፍ አዳምጦ፣ አበልና የምስክር ወረቀት ተቀብሎ መመለስ ግን ሥልጠና ሊባል አይገባውም። መማር ያለበት ነገር ሌላ ነው። ከሁሉ በፊት «ገበሬ» የሚባል አንድ ዓይነት ሰው አለመኖሩን ይማር። ጥማድ በሬ ያለው አለ፤ በሬ አጥታ መሬቷን ለእኩል አራሽ የሰጠች መበለት አለች፤ ከአባቱ ማሳ በቀር መሬት የሌለው ወጣት አለ። ብዙ ድኃ ገበሬ በጥር ሻጭ፣ በሐምሌ ሸማች ነው። የእህል ዋጋ ሲወደድ ጎተራው የሞላው ይደሰታል፤ ያ ድኃ ግን ይራባል። ይህን ሳይለይ «ገበሬውን የሚጠቅም» ብሎ የሚጽፍ ሰው ማንን እንደሚጠቅም አያውቅም።

ምን ይደረግ? በ1957 ዓ.ም. በተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች እየወጡ ያገለግሉ ነበር። ብዙዎቹ ሊያስተምሩ ሄደው ተምረው ተመለሱ። ዛሬም የእርሻ ፖሊሲ የሚያረቅ ሰው ከሰኔ እስከ ጥር በአንድ ቀበሌ ይቀመጥ እንላለን። ማዳበሪያው በስንት ቀን ዘግይቶ እንደደረሰ ይቍጠር፤ አንዲት ኩንታል በቆሎ ከማሳ እስከ ነጋዴው መጋዘን ስትጓዝ ማን ምን እንዳተረፈ ይከተል፤ ብድር ሰብሳቢው ደጃፍ ሲቆም አብሮ ይቁም። ረቂቁም ከመጽደቁ በፊት በገበሬው ቋንቋ በፊቱ ይነበብ፤ ተቃውሞውም በመዝገብ ይጻፍ።

«ይህ ሁሉ ጊዜና ገንዘብ ይፈጃል» ይባል ይሆናል። እውነት ነው። ነገር ግን የተሳሳተ ፖሊሲ ዕዳ የሚከፈለው ከአርቃቂው ደመወዝ አይደለም፤ ገበሬው በሬውን ሸጦ ነው የሚከፍለው። እኛም ነገ ብዕሩን ከመጨበጣችን በፊት፣ ዛሬ በዕረፍታችን ወራት ወደየመንደራችን ስንመለስ፣ ለመምከር ሳይሆን ለመጠየቅ እንሂድ።