ጉልበቱን የበላ ሞቱንም ይሸከም

ከአዲስ አበባ በቃሊቲ፣ በሰበታ ወይም በለገጣፎ የሚወጣ ሹፌር ሁሉ ያውቃቸዋል። አስፋልቱ መሀል፣ የመንገዱ አካፋይ ላይ፣ ራሳቸውን ደፍተው የቆሙ ፈረሶች። ዛሬ ባለቤት የላቸውም፤ ትናንት ነበራቸው። ሲሚንቶና ጤፍ ሲያመላልሱ፣ ተማሪና ገበያተኛ ሲያደርሱ የኖሩ የጋሪ ፈረሶች ናቸው። አንድ ቀን አነከሱ፣ ወይም ቁስላቸው አልሽር አለ፣ ወይም አረጁ። በማግስቱ ገመዳቸው ተፈታና ወደ መንገድ ተነዱ። የቀረውን ጅብ ወይም ሲኖትራክ ይጨርሰዋል።

ይህ ነውር ነው። ድህነት ነው፣ ልማድ ነው፣ ዘመኑ ነው እየተባለ ሲታለፍ ስለኖረ ነውርነቱ አልቀነሰም። አንድን ፍጡር ከሜዳ አምጥቶ፣ አስሮ፣ ገርቶ፣ ድምፅህን እንዲያውቅና እንዲያምንህ አድርጎ፣ ጉልበቱን እስከ ጠብታዋ ከጨረሱ በኋላ አውጥቶ መጣል ክህደት ነው። ከዚህ የለሰለሰ ቃል አላውቅለትም።

ባለፈው ክረምት አቃቂ በኩል አንዱን ቆሜ አየሁት። ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ዳማ ነው። ደረቱን የጋሪው ማሰሪያ የበላው ቁስል መዳፍ ያህላል፤ ዳር ዳሩ ደርቋል፣ መሀሉ እርጥብ ነው፣ ዝንብ ሰፍሮበታል። ጀርባው ላይ ጠጉር የማያበቅል ጠባሳ አለ። አፉ ግራና ቀኝ ልጓሙ በሰነጠቀው ቦታ ቆዳው ተኮማትሯል። ሰኮናው ሳይከረከም ከርሞ ወደ ፊት ተጣሟል፤ የኋላ ቀኝ እግሩን መሬት አያስነካም። ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ንፋሱ ዝንቡን ለአፍታ ያነሳለታል። ከመንገዱ መሀል የማይርቀው ለዚሁ ይመስለኛል። ልጆች ድንጋይ ይወረውሩበታል፤ አይሸሽም።

እዚያው እንደቆምኩ አንድ ጋሪ መጣ። ያ አለቀለት ያልኩት ፈረስ የሰኮናውን ኳኳታ ሲሰማ ጆሮውን አቆመ። አንገቱን አዞረ። ከዚያ በሦስት እግሩ እያነከሰ ጋሪውን ተከተለው። ነጂው ዞር ብሎ አየውና አለንጋውን ወዘወዘበት። ፈረሱ ቆመ።

ቁስሉን ብቻ ባይ ኖሮ አዝኜ እሄድ ነበር። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ መከተሉ ነው። የጣሉትን ሰዎች ሥራ ፍለጋ እያነከሰ የሚሄድ እንስሳ አየሁ። የእርሱ ወገን ውሉን አላፈረሰም፤ ያፈረስነው እኛ ነን።

ፈረስ ምን ያውቃል የሚል ካለ ቢሾፍቱ፣ ሐዋሳ ወይም ባሕር ዳር ጋሪ እየነዳ ያደገ ሰው ይጠይቅ። ፈረሱ ደንበኛ ይለያል፤ ጠዋት ጠዋት የሚያደርሳት ባለ ሱቅ በር ላይ ሳይታዘዝ ይቆማል። ነጂው ማታ ደክሞት ጋሪው ላይ ቢያንቀላፋ ቤቱ በር ያደርሰዋል። የነጂውን ድምፅ ከሌላው ሰው ድምፅ፣ ቁጣውን ከደኅናው ይለያል። ይህ የባለ ጋሪ ወሬ ነው ለሚለኝ ደግሞ ሌላ ምስክር አለኝ። በእንግሊዝ የሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2016 እ.ኤ.አ. ለፈረሶች የተቆጣና የፈገገ ሰው ፎቶግራፍ አሳይተው ነበር። የተቆጣውን ፊት ሲያዩ የፈረሶቹ የልብ ምት ቶሎ እየፈጠነ ተገኘ። የማያውቁት ሰው ፎቶግራፍ ነው እንግዲህ። ዓመታት አብሮት የኖረ፣ ገለባውን የሰጠው፣ ስሙን የጠራው ሰው አለንጋ አንሥቶ ሲያባርረው ፈረሱ ምንም አይሰማውም ብሎ የሚከራከረኝ ይምጣ።

በደህና የተያዘ ፈረስ 25 ዓመትና ከዚያም በላይ ይኖራል። አስፋልት ላይ የምናያቸው ብዙዎቹ በጉልምስናቸው የተጨረሱ ናቸው። የሚጨርሳቸውንም እናውቀዋለን። ማሰሪያው ከአሮጌ ጎማና ከናይለን ገመድ የተሠራ፣ ሥሩ ጨርቅ እንኳን ያልተደረገበት ነው። ላቡና አቧራው ተጨምሮበት ቆዳውን ይበላል። በተበላው ቆዳ በኩል ፈንገስ ይገባና እንደ መቁጠሪያ የተደረደረ እባጭ እግሩንና አንገቱን ይወርሰዋል፤ እባጩ ይፈርጣል፣ ይመግላል። የጋሪ ከተሞቻችን ፈረሶች የሚያልቁበት አንዱ በሽታ ይኸው ነው። ቶሎ ከተደረሰበት ይታከማል። ከከረመ ግን ተስፋ የለውም። ቶሎ እንዳይደረስበት የሚያደርገው ደግሞ የጋሪው ሒሳብ ነው። ስንቱ ነጂ የጋሪውም የፈረሱም ባለቤት አይደለም፤ ጠዋት ተረክቦ ማታ የተቆረጠበትን ገቢ ያስገባል። ከተቆረጠው የተረፈው የእርሱ ስለሆነ ሦስት ሰው በሚበቃው ጋሪ ላይ ስድስት ይጭናል። ዛሬ ፈረሱ ታሞ ቢያድር የዛሬ እንጀራ የለም። ስለዚህ ዋናው ቁጣዬ የሚያርፈው ፀሐይ ላይ በሚውለው ልጅ ላይ አይደለም። አራትና አምስት ጋሪ አሰማርቶ፣ ማታ ገንዘብ ቆጥሮ፣ የፈረሶቹን ቁስል አንድ ቀን ጎንበስ ብሎ የማያይ ባለ ንብረት አለ። እርሱን ነው የምለው።

ከነጂዎቹ አንዱን፣ ፈረሱን እንደጣለ የነገረኝን ወጣት፣ በቁጣ ነው ያናገርኩት።

«ለምን ጣልከው?»

«ጋሼ፣ ምን ላርገው? ፉርሽካ ስንት እንደገባ ያውቃሉ? እሱን ልቀልብ ወይስ ልጆቼን?»

«እሺ፣ ለሐኪም ሰጥተህ በመርፌ ለምን አታሳርፈውም?»

ደነገጠ። «ልግደለው? እግዜር ይቅር ይበለኝ! ነፍስ እኮ ነው ጋሼ። ኃጢአት ነው።»

የመጀመሪያውን መልሱን እቀበላለሁ። የልጆቹን ጉሮሮ ከፈረሱ ጉሮሮ ጋር የሚያሻማው ኑሮ የእርሱ ጥፋት አይደለም። ሁለተኛውን ግን አልቀበልም። ይህ መልስ የእርሱ ብቻ እንዳልሆነ፣ የብዙዎቻችን እንደሆነ ስለማውቅ በድፍረት እናገራለሁ። ጅብ ፈረስን አንገቱን አንቆ ገድሎ አይደለም የሚበላው። ከኋላ ይጀምራል፣ በቁሙ። እግሩ ተሰብሮ መሮጥ የማይችል ፈረስ ደግሞ የሚደርስበትን ሁሉ እያወቀ ነው የሚበላው። ይህ እንዳይሆን ማድረግ እየቻልን እጃችንን ሰብስበን «እኔ አልገደልኩም» ማለት ምን ዓይነት ጽድቅ ነው? መርፌ የያዘ ሐኪም ባለበት አገር የማይድንን እንስሳ ለጅብ መተው ኃጢአቱን አያስቀርም፤ ከዓይናችን ብቻ ያርቀዋል። የሃይማኖት አባቶቻችንንም እዚህ ላይ አፋቸውን እንዲከፍቱ እለምናለሁ። ባለ ጋሪው የሚሰማው እነርሱን ነው፤ የእኔን ጽሑፍ አያነብም። ከሥቃይ ማሳረፍ ምሕረት እንደሆነ ከዐውደ ምሕረቱ ቢነገረው ያ ወጣት አይደነግጥም ነበር።

ለእንስሳ መቆጣትስ እናውቅበታለን። ቢሾፍቱ ላይ ሥራ ጀምሮ የነበረው የአህያ ቄራ በ2009 ዓ.ም. በሕዝብ ቁጣ ተዘጋ። የአህያ ሥጋና ቆዳ ወደ ውጭ ሊላክ ነው ሲባል አገር ተነሣ። እኔም ከተቆጡት አንዱ ነበርኩ፤ ዛሬም ያ ቁጣ ተገቢ ነበር እላለሁ። ነገር ግን አህያ ለምን ታረደ ብሎ የጮኸው አፍ ፈረስ ለምን በቁሙ ተበላ አይልም። በዚያው ከተማ፣ በዚያው መንገድ ዳር። ቄራው የውጭ ሰው ንብረት ስለነበር መቆጣት ቀላል ሆነልን። የራሳችን ሰው የራሱን ፈረስ ሲጥል ግን ዓይናችንን ወደ ስልካችን እንመልሳለን።

ይህ ሁሉ የሚሆነው በማን አገር ነው? ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ፣ ባልቻ አባ ነፍሶ በተባሉበት አገር። ጀግኖቻችን በፈረሳቸው ስም ተፎከረላቸው፣ በፈረሳቸው ስም ተለቀሰላቸው። በየቤተ ክርስቲያኑ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ላይ ተሥሏል፤ የዓድዋ ድል የካቲት 23፣ በእርሱ ዕለት ነው የሆነው። በየዓመቱ የካቲት ሲደርስ ባለ ግላስ ፈረሶች ወደ አደባባይ ይወጣሉ፣ እልል ይባላል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም እንላለን። አድርሶናል። ጠመንጃውን፣ ስንቁን፣ ቁስለኛውን ተሸክሞ ያደረሰው እንስሳ ዘር ነው ዛሬ በናይለን ገመድ ደረቱ ተበልቶ መንገድ ላይ የቆመው።

ሌላ መሆን እንደሚችል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጥር 23 እንጅባራ ይሂዱ። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን ሲያከብር የሚታየው ሌላ ዓይነት ዝምድና ነው። ፈረሱ ታጥቦ፣ ጋማው ተበጥሮ፣ ከሰው እኩል ለብሶ ይወጣል። ሽማግሌው ፈረሱን የሚይዘው ዛቡን ሳይጎትት ነው፤ በአፉ እያናገረው፣ በእጁ አንገቱን እየዳበሰ። ፈረሱ አፍንጫውን ብብቱ ሥር ይከታል። ማኅበሩ በዓሉን ከዓድዋ ጋር የሚያያይዘው ፈረሱም ዘምቷል ብሎ ነው። ይህ የገበሬ ባህል ነው፤ ትርፍ ሀብት ያለው ሰው ቅንጦት አይደለም። እንግዲህ «ድህነት ነው» የሚለው መከራከሪያ እዚህ ላይ እግሩ ይሰበራል። የአገው ገበሬ ከቃሊቲው ባለ አምስት ጋሪ አይበልጥም በሀብት።

«ሰው እየተራበ፣ ሰው እየተፈናቀለ ስለ ፈረስ ታወራለህ?» የሚሉኝ አሉ። አወራለሁ። የተራበውን ሰው ጉርሻ ቀምቼ ለፈረስ አልሰጥም። ደግሞም የጋሪ ፈረስ ማለት የአንድ ቤተሰብ ምድጃ ነው፤ ፈረሱ በቁስል ሲወድቅ ልጆች ከትምህርት ቤት ይቀራሉ። ይህን ጥያቄ የሚያነሡብኝ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ለተፈናቀለውም ሲደርሱ አላየሁም። ርኅራኄን ወረፋ የሚያስይዝ ሰው ተራው ሲደርስም አይሰጥም።

በአገራችን 2 ሚሊዮን ገደማ ፈረስ አለ። ቢሾፍቱ ላይ የጋሪ ፈረስና አህያ ሲታከም ብዙ ዓመት የቆየው ስፓና በሚባል የውጭ በጎ አድራጎት ድርጅት ነው። ለሚሠሩት ሥራ እጅ እነሣለሁ። የእኛን ፈረስ ቁስል የሚያጥበው ባሕር ማዶ ያለ ሰው ያዋጣው ገንዘብ መሆኑ ግን ያሳፍረኛል። የከተማ አስተዳደሮቻችን ጋሪን ከአስፋልት ሲያግዱ ስለ ትራፊክ ያስባሉ፣ ስለ ባጃጅ ታርጋ ያስባሉ፣ ስለ ከተማው ገጽታ ያስባሉ። ከነገ ጀምሮ ሥራ የሌለው ፈረስ ወዴት ይሂድ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ስለዚህ ባለቤቱ ወደ መንገድ ይነዳዋል፤ ጥፋቱም የባለቤቱ ብቻ ይሆናል። አይደለም። እገዳውን የፈረመው እጅም አለበት።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ጋሪ የሚያግድ ከተማ ከማገዱ በፊት ፈረሶቹን ይቁጠር፤ ጤነኛው ወደ ገጠር የሚሸጥበትን፣ የማይድነው በሐኪም እጅ በነጻ የሚያርፍበትን ቀን ይወስን። ጋሪ የሚያሠራ ከተማ ከባለ ጋሪው ከሚሰበስበው ገንዘብ ለየወረዳው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ይመድብ። ፈረሱን መንገድ ላይ የጣለ ባለ ንብረት ይቀጣ፤ ነጂው ሳይሆን ባለ ንብረቱ። ሌላው የእኛ የተሳፋሪዎቹ ነው። ከመውጣታችን በፊት የፈረሱን ደረት እንይ። ቁስል ካለ አንሳፈር፣ ለምን እንዳልተሳፈርንም ለነጂው እንንገረው፤ ማታ ገቢው ሲጎድል ለባለ ንብረቱ እርሱ ይነግረዋል። አራተኛ ሰው ሆነን አንደረብ። የአሥር ደቂቃ መንገድ በእግራችን እንሂድ።

ፈረስ የምትጥሉ ባለ ንብረቶች ግን እነግራችኋለሁ፦ ጨለማን ተገን አድርጋችሁ ብትነዱትም ሰፈራችሁ ያውቃችኋል። የማን ፈረስ እንደሆነ ልጆቹ ሳይቀሩ በቀለሙ ይለዩታል። እኔም እየጠየቅሁ ነው።