የፕሮግራሙን ስም ጠይቁ፤ ፋይሉን አትክፈቱ

በደምበል ሕንፃና በካዛንቺስ ቢሮዎች የምትሠሩ ወንድሞችና እህቶች! የመሥሪያ ቤታችሁ የኮምፒዩተር ክፍል «ፋይል የምታስቀምጡት በድሮፕቦክስ ነው፣ በጉግል ድራይቭ ወይስ በዋንድራይቭ?» ብሎ ቢጠይቃችሁ አትቆጡ። ጥያቄው ተገቢ ነው። እነዚህ ፕሮግራሞች በኮምፒዩተሩ ላይ ያለውን ፋይል በኢንተርኔት እየገለበጡ ወደ ሌላ ቦታ ይልካሉ። የድርጅቱ ውልና የደንበኛው ሰነድ ማንም ሳያውቅ በሠራተኛው የግል አካውንት ሊቀር ይችላል። የአሠሪ ንብረትም አማና ነው።

ነገሩ የሚበላሸው ፈታሹ ከስሙ አልፎ ይዘቱን ሲያይ ነው። የትኛው ፕሮግራም እንዳለ ለማወቅ አንድም ፋይል መክፈት አያስፈልግም። የተጫኑትንና በመሥራት ላይ ያሉትን ፕሮግራሞች ዝርዝር ማየት ይበቃል። አንዳንዶቹ በተጠቃሚው የግል ፎልደር ስለሚጫኑ ስማቸው እዚያ ይገኛል። ኮምፒዩተሩ ከየትኛው አገልግሎት ጋር እንደሚገናኝም ከቢሮው ኔትወርክ ይታወቃል። የላኪውን ስም ለማየት ፖስታውን መቅደድ አያሻም።

ይህ ለምን የጀማዓው ጉዳይ ሆነ? ብዙ ወላጅና የመስጂድ ኮሚቴ አባል ኮምፒዩተር የሚያገኘው በሥራ ቦታው ብቻ ነው። የመድረሳ ተማሪዎች ስምና የወላጆች ስልክ፣ የዘካ ተቀባዮች ዝርዝር፣ የኮሚቴው ቃለ ጉባኤ የሚጻፈው እዚያው ነው። ፋይሉ ሲከፈት ችግሯን በምስጢር የነገረችን እናትም ትጋለጣለች።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረግን ግንኙነት ጨምሮ የግል ሕይወትን ያስከብራል። ከ2016 ወዲህም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። በዲናችንም የሰውን ነውር መሰለል በሱረቱል ሑጁራት 12ኛ አንቀጽ የተከለከለ ነው።

ስለዚህ አሠሪዎች ከፍተሻው በፊት በጽሑፍ ያሳውቁ፤ የተፈቀደውን ፕሮግራም በስም ይንገሩ፤ ሠራተኛው የግሉን የሚያወጣበት ቀን ይስጡ። ፋይል መክፈት ግድ ከሆነም ባለቤቱ ባለበት ይሁን።

እኛም የጀማዓውን ሰነድ ከቢሮ ኮምፒዩተር እናውጣ። ግን ተጠንቀቁ፤ ከፎልደሩ ስታጠፉት ከአካውንታችሁም ሊጠፋ ይችላል። መጀመሪያ በፍላሽ ገልብጡ፣ ቀጥሎ አካውንቱን ከኮምፒዩተሩ አላቅቁ፣ ከዚያ አጥፉ። የድርጅቱን ሰነድ ግን አንድም ገጽ ይዛችሁ አትውጡ። የራሱን ሐቅ የሚጠይቅ የሌላውንም ይጠብቃል።