ጣት ለጣት

እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ የማርክ ሃደን ልብ ወለድ አለ፤ ተራኪው ስዊንደን በተባለች የእንግሊዝ ከተማ የሚኖር ክሪስቶፈር የተባለ የ15 ዓመት ልጅ ነው። መጽሐፉ የልጁን ሁኔታ በስም ባይጠራውም አብዛኛው አንባቢ ኦቲዝም መሆኑን ይረዳል። ሒሳብ ይወዳል፤ ጫጫታ ያስጨንቀዋል፤ ሲነኩት ይጮኻል፤ መዋሸት አይሆንለትም።

በእግዚአብሔር አያምንም። ታዲያ መጋቢዎች ስለ እርሱ ምን እንጽፋለን? ልባችንን የነካው ወላጆቹ ፍቅራቸውን የሚገልጹበት መንገድ ነው። ማቀፍ ስለማይችሉ እጃቸውን ዘርግተው ጣቶቻቸውን ይከፍታሉ፤ እርሱም የእርሱን ከፍቶ ጣት ለጣት ይነካካሉ። ፍቅርን በልጁ አቅም ልክ ተማሩት።

እኛስ? ከዓመታት በፊት አንዲት እናት እንዲህ ያለ ልጇን ይዛ ወደ ጸሎት መጣች። ልጁ ጆሮውን ይዞ ይጮኽ ነበር። እኛ ግን እጃችንን ራሱ ላይ ጭነን፣ ድምፃችንን ከፍ አድርገን መንፈስ ገሠጽን። እርሱ አብዝቶ ጮኸ፤ እኛም አብዝተን ገሠጽን። በመጨረሻ ሲደክመው ዝም አለ፤ «ተፈትቷል» ብለን አወጅን። እናቲቱ ከዚያ ወዲያ አልተመለሰችም።

የክሪስቶፈር አባትም በሕይወት ያለችውን እናቱን «ሞታለች» ብሎት ነበር። ልጁ የተደበቁትን ደብዳቤዎቿን ሲያገኝ ግን በአባቱ ላይ የነበረው እምነት ፈረሰ። በፍቅር ስም የተነገረ ውሸትም ውሸት ነው፤ የእኛም አዋጅ እንዲሁ።

በማርቆስ 7 ጌታችን መስማት የተሳነውን ሰው ሲፈውስ አስቀድሞ ከሕዝቡ ለይቶ ለብቻው ወሰደው፤ ጣቶቹንም በጆሮዎቹ አገባ። ያ ሰው ቃል አይሰማም፤ የጣት ንክኪ ግን ይገባዋል። ጌታ ለሕዝቡ ትዕይንት አላደረገውም፤ በሚገባው መንገድ ቀረበው።

ወገኖች ሆይ፣ የጸሎትን ኃይል አንክድም፤ ርኩሳን መናፍስት እንዳሉም እናምናለን። ነገር ግን ኦቲዝም ርኩስ መንፈስ አይደለም፤ የወላጅ ኃጢአት ዋጋም አይደለም። ጩኸትም የእምነት መለኪያ ሆኖ አያውቅም። እንግዲህ እጅ ከመጫናችን በፊት እናቱን «ምን ይረብሸዋል?» ብለን እንጠይቅ። ድምፅ ማጉያውን ዝቅ እናድርግ። ጸጥ ያለ ክፍል እናዘጋጅ። ያላየነውን ፈውስ አናውጅ።

እህታችን ሆይ፣ ይህን ካነበብሽ ይቅር በይን። ልጅሽን ይዘሽ ብትመለሺ በለሆሳስ እንጸልያለን፤ እርሱ ከፈቀደም እጃችንን ዘርግተን እንጠብቀዋለን።