ባዶው ሳጥን ባዶ ይሁን፦ ለከተማችን ከንቲባ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለክቡር ከንቲባችን፣ የከተማው መጠጥ ውሃና ፍሳሽ አገልግሎት ቦርድ ሰብሳቢ

ክቡር ከንቲባ፣

በየሩብ ዓመቱ ለቦርዱ በሚቀርበው ሪፖርት ውስጥ «አማካይ ቀሪ ክሎሪን» የሚል ዓምድ አለ። ከጎኑ የተመረተ ውሃ፣ የሪዘርቫየር ከፍታና የመስመር ግፊት ይከተላሉ። ዓምዶቹ ሁልጊዜ ሙሉ ናቸው፤ አንድም ክፍት ሳጥን አይገኝባቸውም። እኔ እነዚያ ቁጥሮች የሚወጡባቸውን መሣሪያዎች የምከታተል የኢንስትሩመንቴሽን ቴክኒሻን ነኝ። መሣሪያዎቹ ሁልጊዜ ደህና እንዳልሆኑ ስለማውቅ የሪፖርቱ ሁልጊዜ ሙሉ መሆን እንቅልፍ ይነሳኛል። የመጪው ዓመት በጀት ለምክር ቤት ሳይቀርብ፣ ቁጥሮቹ ከየት እንደሚመጡና እንዲታመኑ ምን እንደሚያስፈልግ ልጽፍልዎ የተነሳሁት ለዚህ ነው።

በክሎሪኑ ልጀምር። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ውሃ ከክሎሪን ጋር ቢያንስ 30 ደቂቃ ከቆየ በኋላ በሊትር 0.5 ሚሊግራም፣ ተጠቃሚው ዘንድ ሲደርስ ደግሞ ቢያንስ 0.2 ሚሊግራም ቀሪ ክሎሪን እንዲኖረው ይላል። ይህን የሚለካልን በማጣሪያ ጣቢያው መውጫ ላይ የተገጠመ አንድ ሴንሰር ነው። ጫፉ ላይ ስስ ሜምብሬን፣ በውስጡም ጥቂት ፈሳሽ አለ። ፈሳሹ በጥቂት ወራት፣ ሜምብሬኑ በዓመት አንዴ ገደማ መቀየር አለባቸው። በፊቱ የሚያልፈው ውሃ ፍጥነቱ ከቀነሰ ንባቡም አብሮ ይወርዳል። ከዚህም ሌላ ሴንሰሩ በዋናነት የሚያየው ተህዋስያንን አጥብቆ የሚገድለውን የክሎሪን ዓይነት፣ ሃይፖክሎረስ አሲድን ነው። የውሃው ፒኤች 7.5 አካባቢ ሲሆን ከነጻው ክሎሪን ግማሽ ያህሉ በዚህ መልክ ይገኛል፤ ፒኤቹ 8 ሲደርስ ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ በፒኤች ያልታረመ ሴንሰር ክሎሪኑ ሳይቀንስ ቀነሰ ይላል፤ በራሱ የሚሠራው የክሎሪን ፓምፕም ያንን አምኖ ይጨምራል። ማረሚያው የፒኤች ኤሌክትሮድ ደግሞ እንደዚሁ ዕድሜው አጭር ነው፤ በ4 እና በ7 ማስተካከያ ፈሳሽ በየጊዜው ካልተፈተሸ ቀስ እያለ ይስታል። እርስዎ ሪፖርቱ ላይ የሚያዩት አንድ ቁጥር ከኋላው ሁለት መሣሪያ፣ በርካታ አላቂ ዕቃና በእጅ ናሙና እየወሰደ የሚያመሳክር ሰው አለው። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ቁጥሩ አይጠፋም። ይቀጥላል፤ ብቻ እውነት መሆኑ ይቀራል።

የሪዘርቫየሩ ከፍታ መለኪያም የራሱ ጠባይ አለው። ውሃው ውስጥ ይሰምጥና ከላዩ ያለውን ግፊት ይለካል። የአየሩ ግፊት ከሒሳቡ እንዲወጣ በገመዱ ውስጥ እስከ ላይ የሚዘልቅ ቀጭን የአየር ቱቦ ይኖረዋል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ልዩነቱ በውሃ ከፍታ ሲተመን 2.4 ሜትር ገደማ ይመጣል። እንግዲህ የአየር ቱቦ የሌለው፣ ፋብሪካው በባሕር ጠለል ግፊት አሽጎ የላከው መለኪያ እዚህ ሳይስተካከል ቢገጠም 5 ሜትር ውሃ የያዘውን ሪዘርቫየር 2.6 ሜትር ነው ይላል። ፓምፑም መግፋቱን አያቆምም። ሰፈሩ በፈረቃ ውሃ በሚጠብቅበት ከተማ፣ ሪዘርቫየሩ በትርፍ ውሃ ማስወጫው ሲፈስ ያድራል፤ ስክሪኑ ላይ ግን ገና ግማሽ ነው። ቱቦ ያለውም ቢሆን በክረምት እርጥበት ከደፈነው ይሳሳታል። መፍትሔው ጫፉ ላይ የምትቀመጥ ትንሽ የእርጥበት መምጠጫ ናት። እሷም አላቂ ዕቃ ስለሆነች መግዣዋን በዓመቱ ዕቅድ ውስጥ ማንም አያስታውሰውም።

ገንዘቡን በቀጥታ የሚነካው የውሃውን ፍሰት የሚለካው ፍሎው ሜትር ነው። ኤሌክትሮማግኔቲክ የሚባለው ዓይነት ሚካኤል ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1831 ባገኘው ሕግ ይሠራል፤ ጎበዝ መሣሪያ ነው፣ የሚንቀሳቀስ አካል የለውም፣ ብዙ ዓመት ያገለግላል። ነገር ግን ቧንቧው ሁልጊዜ ሙሉ እንዲሆን ይፈልጋል፤ ከፊቱም ቢያንስ የቧንቧውን ስፋት አምስት እጥፍ የሚሆን ቀጥ ያለ መስመር ያሻዋል። ለ300 ሚሊሜትር ቧንቧ ይህ 1.5 ሜትር ማለት ነው። ከማውቃቸው የፓምፕ ቤቶች በአንዱ ቤቱ ጠቦ ስለተሠራ መለኪያው ከቧንቧው መታጠፊያ፣ ከኤልቦው፣ አጠገብ ተወትፏል፤ ውሃው ተጠማዞ እየገባበት የሚሰጠውን ቁጥር በምን እንደምናርመው እስካሁን መልስ የለም። ስህተቱ 5 በመቶ ብቻ ቢሆን እንኳ በሴኮንድ 100 ሊትር በሚገፋ ጣቢያ በቀን 432 ሜትር ኩብ ይሆናል። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለሦስተኛ ደረጃ ከተማ በተቀመጠው የነፍስ ወከፍ 60 ሊትር ሲካፈል የ7,200 ሰው የቀን ውሃ ነው። መለኪያው አብዝቶ ከቆጠረ ያልነበረ ውሃ ባከነ ተብሎ የጥገና ቡድን የሌለ ፍንጥቅ ሲቆፍር ይውላል። አሳንሶ ከቆጠረ ደግሞ የእውነተኛው ፍንጥቅ ድምፅ ይጠፋል። ለብክነት ቅነሳ የወጣው ገንዘብ ሁሉ በዚህ አንድ መሣሪያ ላይ ቆሟል።

ክቡር ከንቲባ፣ በሙያችን ውስጥ ከሁሉ አብልጬ የማከብረው አንድ ደንብ አለ። ከመለኪያው ወደ ፓነሉ የሚሄደው ምልክት ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፒር ነው። ባዶ ሪዘርቫየር 4፣ ግማሹ 12፣ ሙሉው 20 ይሆናል። ከዜሮ ያልተጀመረው ሆን ተብሎ ነው። ዜሮ ከመጣ ገመዱ ተበጥሷል ወይም መሣሪያው ሞቷል ማለት ነው፤ «ውሃ የለም» እና «አላውቅም» እንዳይምታቱ ተለያይተው ተቀምጠዋል። በሐምሌ መብረቅ ምልክቱን ከሚልኩት ትራንስሚተሮች አንዱን ሲመታው ፓነሉ ላይ ያ ዜሮ ይታያል፤ መሣሪያው መሞቱን በራሱ ይናገራል። የመዝገብ ቅጻችን ግን «አላውቅም» የሚባልበት ቦታ የለውም።

ሴንሰር ሲበላሽ የሚሆነውን ልንገርዎ። የሌሊት ኦፕሬተሩ በየሰዓቱ የሚሞላው ቅጽ አለው። ሴንሰሩ ከቆመ በእጁ ናሙና ወስዶ፣ የዲፒዲ ታብሌት ጨምሮ፣ ቀለሙን ማመሳከር አለበት። ታብሌቱም ያለቀ ቀን ምን ይጻፍ? ሳጥኑን ባዶ ቢተወው ጠዋት ቅጹ «ያልተሟላ» ተብሎ ይመለስበታል፤ በምዘናውም ይያዝበታል። እናም ከላይ ካለው ሰዓት ይገለብጣል። ይህን የምጽፈው ኦፕሬተሩን ለመክሰስ እንዳይመስልብኝ። ሌሊቱን ሙሉ ብቻውን ፓምፕ፣ ጀነሬተርና ክሎሪን የሚጠብቅ ሰው ነው። የጠየቅነውን ሰጠን፤ የጠየቅነው ሙሉ ቅጽ ነበር። እውነተኛ ንባብ ይዋዥቃል፤ ዝናብ ሲጥል፣ ውሃው ሲደፈርስ፣ ፓምፕ ሲቀያየር ከፍ ዝቅ ይላል። ያለፉትን ቅጾች ቢያስመጡና 0.5 ከላይ እስከ ታች ተደርድሮ ቢያገኙ፣ በዚያ ሌሊት ማንም እንዳልለካ ይወቁ።

ይህ የወረቀት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ባላስቸገርኩዎ። በካናዳ ኦንታሪዮ ዎከርተን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2000 ከባድ ዝናብ የከብት ፍግ አጥቦ ጥልቀት በሌለው አምስተኛ ጉድጓዷ ውስጥ አስገባ። ጉድጓዱ ላይ ቀሪ ክሎሪንንም ሆነ የውሃ ድፍርስነትን ያለማቋረጥ የሚለካ መሣሪያ አልነበረም። በመዝገቡ ላይ ግን ቁጥር ነበረ፤ 0.5 እና 0.75 እየተባለ ያለ ልኬት ሲጻፍ ኖሯል። 7 ሰዎች ሞቱ፤ ከ2,300 በላይ ታመሙ። ዳኛ ዴኒስ ኦኮነር የመሩት አጣሪ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው ሪፖርት፣ ያለማቋረጥ የሚለኩ የክሎሪንና የድፍርስነት መሣሪያዎች ተገጥመው ቢሆን ወረርሽኙ ሊከለከል ይችል እንደነበር ደምድሟል። እኛ ከዎከርተን የምንሻልበት ነገር አለ፤ መሣሪያው አለን። በውድ የውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ ተተክሏል። የማያስተውለው ሰው ግን መሣሪያው በመኖሩ ብቻ ይተማመናል፤ ያልተፈተሸ መሣሪያ ያለበት ጣቢያ መሣሪያ ከሌለው ይልቅ የሚያስፈራኝ በዚህ ምክንያት ነው።

የምለምንዎ የመጀመሪያው ነገር ምንም ገንዘብ አያስወጣም። ቦርዱ በአንድ ውሳኔ «አልተለካም» የሚል ቃል በቅጹ ላይ እንዲፈቀድ፣ ከጎኑም ምክንያቱ እንዲጻፍ ያድርግ፤ ይህን የጻፈ ኦፕሬተርም በምዘናው እንዳይጎዳ በግልጽ ይደንግግ። የሚቀጥለው ሩብ ዓመት ሪፖርት ክፍት ሳጥኖች ይዞ ይመጣል። ያን ቀን ሥራው የባሰበት ይመስላል፤ እባክዎ በዚያ ስብሰባ ላይ ይከላከሉልን።

ሁለተኛው የበጀት ነው። ሜምብሬን፣ ፈሳሽ፣ የፒኤች ማስተካከያ፣ ታብሌትና የእርጥበት መምጠጫ «ልዩ ልዩ ጥገና» ውስጥ ተቀላቅለው ሲያዙ በየዓመቱ የተቃጠለ የፓምፕ ሞተር ይበላቸዋል። ሞተር ሲቃጠል ከተማው ይጮኻል፤ ሜምብሬን ሲያረጅ ማንም አይሰማም። የራሳቸው መስመር ይኑራቸው። አቅራቢው አንድ ወኪል ብቻ በሆነበት ዕቃ ላይ ሦስት ፕሮፎርማ አምጡ እየተባለ ወራት ይባክናሉ፤ የመንግሥት ግዥ ሥርዓት አቅራቢው አንድ ብቻ ሲሆን በቀጥታ መግዛትን ስለሚፈቅድ ግዥ ክፍሉ እንዲጠቀምበት ይዘዙልን። አንድ የማመሳከሪያ የግፊት መለኪያም በየዓመቱ አዲስ አበባ ሥነ ልክ ኢንስቲትዩት ተልኮ ካሊብሬት ይደረግ። ሌሎቹን በእሱ እኛው እናስተካክላለን፤ እጁም ዕውቀቱም አለን።

የመጨረሻው አጣዳፊ ነው። የከተማው ውሃ አገልግሎት ማስፋፊያ ፕሮጀክት በጊዜያዊ ርክክብ ላይ ይገኛል። የዋስትናው ጊዜ ካለፈ በኋላ ኮንትራክተሩን የምናገኝበት መንገድ የለም። ከዚያ በፊት የእያንዳንዱ መሣሪያ የካሊብሬሽን ሰርተፍኬት፣ በእርግጥ እንደተዘረጋው የተሳለ የገመድ ሥዕል፣ የመቆጣጠሪያው ፕሮግራም ቅጂና የይለፍ ቃሉ በእጃችን ይግቡ። የይለፍ ቃሉ ከሌለን አንዲት የከፍታ ገደብ ለመቀየር እንኳ ከሌላ ከተማ ባለሙያ መጥራት ይኖርብናል። ርክክቡን የሚፈርመው ኮሚቴ ውስጥ በየቀኑ መሣሪያውን የሚነካ አንድ ቴክኒሻን ይጨመር፤ ከኤልቦ አጠገብ የተወተፈ ፍሎው ሜትር ፊርማ ሳይሰፍርበት እንዲነቀል የሚጠይቀው እሱ ነው። የመጨረሻው ርክክብ ቃለ ጉባኤ ወደ ጠረጴዛዎ ሲመጣ እነዚህ ሰነዶች አባሪ ካልሆኑ እባክዎ አይፈርሙ።

ከአክብሮት ጋር፣
የከተማው ውሃ አገልግሎት የኢንስትሩመንቴሽን ቴክኒሻን